የአያቴን ማተብ የበጠሰው ብሩሽ

አያቴ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ሦስት ሳምንት ሲቀረው እናቴ አንድ ፎቶ ሰጠችኝ። "አስጎልተህ አምጣልኝ፣ ለሙት ዓመቷ ሳሎን ይሰቀላል" አለች። የፖስትካርድ መጠን ያለው ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ "ደብረ ማርቆስ 1959" ተብሎ ተጽፏል። ዕድሜውን ሙሉ የኖረው ዳዊቷ ውስጥ አራት ላይ ታጥፎ ስለሆነ መሃሉ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው እጥፋት አለው፣ አንዱ መስመር ግራ ዓይኗን ይዞ ያልፋል። አንድ ጥጉ ተቀዷል። የተቀደደውን ደግሞ አንድ ደግ ሰው በስኮች ለጥፎት ስኮቹ ቢጫ ሆኖ ደርቋል። ሻጋታውን አትጠይቁኝ።

አንድ ፎቶ ቤት ወሰድኩት። ስሙንም ሰፈሩንም አልናገርም፣ ልጁ ቅን ልጅ ነው፣ እንጀራውም ነው። ከነፍሬሙ 1,200 ብር ተስማማን። "ነገ ና ወንድሜ፣ አዲስ አድርጌ ነው የምሰጥህ" አለኝ። እውነትም አዲስ አድርጎ ሰጠኝ። እጥፋቱ የለ፣ ሻጋታው የለ፣ ስኮቹ የለ። ፊቷ ጥርት ብሏል። በደስታ ይዤ ሮጥኩ።

ቤት ገብቼ ሶፋው ላይ አቆምኩት። የእናቴ ታላቅ እህት እቴቴ መነጽሯን አድርጋ ጠጋ አለች። ዝም ብላ አየችው።

"ይቺ ማን ናት?"

"እማማ ናታ!"

"እሱማ እማማን ትመስላለች። ማተቧስ?"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። አንገቷ ባዶ ነው። አንገቷ ላይ ተደርድሮ የነበረው ንቅሳት የለም። ግንባሯ ላይ የነበረችው ትንሽ መስቀልም የለችም። ልጁ ሻጋታውን ሲጠርግ ንቅሳቱን ቆሻሻ፣ ማተቧን ጭረት መስሎት አብሮ ጠርጎታል። ሰማንያ ዓመት ሙሉ ማተቧን ያልበጠሰች ሴት፣ በሙት ዓመቷ 1,200 ብር ከፍለን አስበጠስናት። እናቴ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ "በል መልሰው" አለችኝ።

ፍሬሙን አስቀረሁና ዋናውን ፎቶ ይዤ ራሴ ልሞክረው ብዬ ተቀመጥኩ። ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ። እንግዲህ እዚህ የምገመግመው በእነዚያ ማታዎች የነካካኋቸውን ዕቃዎች ነው፤ የፎቶሾፕን ክሎን ስታምፕና ሂሊንግ ብሩሾች፣ ጊምፕ የሚባለውን ነፃ የፎቶ ማስተካከያ፣ ትንሽ ደግሞ የስልክ አፖችን። ባለሙያ አይደለሁም። ቢሮ ውስጥ ባነርና የሠርግ ጥሪ ካርድ ስሠራ ፎቶሾፕን ስለማውቀው ድፍረቱ ነበረኝ እንጂ የአሮጌ ፎቶ ጥገና አዲስ ነበር።

ከብሩሹ በፊት ግን ስካኑ። የልጁ ግማሽ ጥፋት እዚህ ነው፤ ፎቶውን በስልኩ አንስቶ ነው የሠራው፣ የአምፖሉ ነጸብራቅ ግንባሯ ላይ ይታይ ነበርና እሱን ሲያጠፋ መስቀሏን ይዞ ሄደ። እኔ ስካነር ያለው ጓደኛዬ ቢሮ ሄጄ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ ማለት ነው) አስነሳሁት። 9 በ14 ሳንቲሜትር የሆነ ፎቶ በ600 ሲነሳ 2,126 በ3,307 ፒክስል ገደማ ይሆናል። 30 ሳንቲሜትር ስፋት ላለው የግድግዳ ፎቶ ይበቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ስሙኝ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው ብላችሁ በጥቁርና ነጭ ስካን አታድርጉ። በከለር አድርጉት። የስኮቹና የሻጋታው ቆሻሻ ቢጫና ቡናማ ነው፣ የፎቶው ጥላ ግን ግራጫ ነው። ፎቶሾፕ ውስጥ ቻናሎቹን፣ ማለትም ሥዕሉ የተሠራባቸውን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክፍሎች፣ ለየብቻ ስትከፍቱ ሰማያዊው ቻናል ላይ ቢጫው ሁሉ ጠቁሮ ይወጣል፣ ሥዕሉ የተለበለበ ይመስላል። ቀዩ ቻናል ላይ ግን ያው ቆሻሻ ይደበዝዛል። እኔ ቀዩን ቻናል ብቻ ወስጄ ስሠራ የስኮቹ እድፍ አብዛኛው አንድም ብሩሽ ሳላነሳ ጠፋልኝ። ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ግን ሌላ ነው። ንቅሳቱ በሦስቱም ቻናል ላይ እኩል ጎልቶ ቆሟል፣ ማተቡም እንደዚያው። ሻጋታው ግን ከቻናል ቻናል መልኩን ይለውጣል። ቆዳዋ ላይ ያለውን ነጥብና ወረቀቱ ላይ ያለውን ነጥብ የለየሁት በዚህ ነው። ያ ልጅ ይህንን ቢያውቅ ኖሮ እቴቴ አትቆጣም ነበር።

አሁን ወደ ብሩሾቹ። ክሎን ስታምፕ እራፊ መጣፍ ማለት ነው። አልት ተጭናችሁ አንድ ቦታ ክሊክ ታደርጋላችሁ፣ ከዚያ የተበላሸው ቦታ ላይ ስታሹ ያንን ቦታ እንዳለ ገልብጦ ይለጥፍላችኋል። አይጨምርም፣ አይቀንስም። ከጨለማ ቦታ ቀድታችሁ ብርሃን ቦታ ላይ ከለጠፋችሁ ጥቁር እራፊ ነው የምታገኙት። ሂሊንግ ብሩሽ ደግሞ እራፊውን ልብሱ ቀለም ውስጥ ነክሮ የሚጥፍ ልብስ ሰፊ በሉት። የቆዳውን ሸካራነት ከቀዳችሁበት ቦታ ይወስዳል፣ ቀለሙንና ብርሃኑን ግን ከሚለጥፍበት ቦታ ጋር ያስማማል። ጉንጭ ላይ፣ ግንባር ላይ፣ መጋረጃ ላይ፣ ባጠቃላይ ቀስ ብሎ የሚለዋወጥ ነገር ላይ ተአምር ነው። አግድም የሄደው እጥፋት ጉንጯን ያቋረጠበትን ቦታ በአስር ደቂቃ ጨረስኩት፣ ዛሬ ራሴ ብፈልገው አላገኘውም።

የብሩሾቹን ታሪክ ትንሽ ልንገራችሁ፣ ምክንያት አለኝ። ፎቶሾፕ 1.0 በፈረንጆቹ 1990 ሲወጣ፣ ቶማስና ጆን ኖል የሚባሉ ወንድማማቾች የጀመሩት ነው፣ ማህተሟ፣ ክሎን ስታምፕ ማለቴ ነው፣ ገና ከመጀመሪያው ነበረች። ሂሊንግ ብሩሽ የመጣው በ2002 ከፎቶሾፕ 7 ጋር ነው። በ2005 ሲኤስ2 በሚባለው እትም ስፖት ሂሊንግ ተጨመረ። በ2010 በሲኤስ5 ኮንቴንት አዌር ፊል መጣ። በ2023 ደግሞ ጄኔሬቲቭ ፊል። አሁን ልብ በሉ፤ የ1990ዋ ማህተም ከየት ልቅዳ ብላ ትጠይቃችኋለች፣ የ2002ቱም ይጠይቃል። የ2005ቱ ስፖት ሂሊንግ አይጠይቅም፣ ነጥቡን ትነኩታላችሁ፣ ምንጩን ራሱ ፈልጎ ይደፍናል። የ2010ሩ ትልልቅ ቦታም ሳይጠይቅ ይሞላል። የ2023ቱ ጭራሽ ፎቶው ውስጥ ያልነበረ ነገር ፈጥሮ ያመጣል። ሥራው እየፈጠነ በሄደ ቁጥር የሚጠይቃችሁ ነገር እያነሰ ነው የመጣው። ፎቶ ቤት ውስጥ በቀን አርባ ጉርድ ፎቶ የሚያጸዳ ልጅ የለመደው ደግሞ ያንን የማይጠይቀውን ነው፤ ብጉር፣ ጠባሳ፣ ነጥብ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ። የአያቴም አንገት ላይ እንደዚያው ጠቅ ጠቅ ብሎ ሄደ። ብሩሹ ቀጭን ጥቁር መስመር ያያል እንጂ ክርስትና ስትነሳ የታሰረላትን ክር አያይም።

ስለዚህ የእኔ ደንብ ይህ ሆነ። ከመጋረጃውና ከወለሉ ላይ ስፖት ሂሊንግ፣ በነፃነት። አንገቷና ፊቷ ላይ ግን የሚጠይቀኝን ብሩሽ ብቻ።

ሂሊንግ የሚያበላሽበት ቦታም አለ። ጨለማና ብርሃን የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ከተጠቀማችሁበት ቀለሙን ከማዶ እየሳበ ያንጠፈጥፈዋል። የነጠላዋ ጥለት ከጥቁሩ መጋረጃ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በሂሊንግ ስነካው ጥለቱ ላይ ጥላሸት የተቀባ መሰለ። አጠፋሁትና በክሎን ሠራሁት፤ የብሩሹን ሃርድነስ (የጠርዙን ጥራት) ወደ 70 ከፍ አድርጌ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ከጥለቱ መስመር ጋር አቅጣጫውን እያስማማሁ። ማተቡም ላይ እንደዚሁ። የቁሙ እጥፋት ማተቡን መሃል ላይ ቆርጦት ነበር፣ እውነተኛው በጣሽ ያ እጥፋት ነው ማለት ይቻላል። ሰባት ፒክስል ያህል ውፍረት ያለው ክር ነው። ከቀኝ በኩል ካለው ጤነኛ ክር ቀድቼ ክፍተቱን ስሞላ ሦስት ጊዜ ተጣሞብኝ አጠፋሁት፣ በአራተኛው ገጠመ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ታይ ነበር። "ታሰረ?" አለችኝ። "ታሰረ።"

ዓይኗ ግን አስለቀሰኝ። ዓይን የሚቀዳበት ሌላ ቦታ የለውማ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ጤነኛውን ዓይን ኮፒ አድርጎ፣ ገልብጦ መለጠፍ ነው። ሞከርኩት። ወዲያው የሆነ ነገር ቅር አለኝ፣ ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። መብራቱ ከግራ በኩል ስለነበር በሁለቱም ዓይኖቿ ውስጥ ያለችው የብርሃን ነጥብ በግራ በኩል መሆን አለባት፤ ስገለብጠው አንዷ በግራ፣ አንዷ በቀኝ ሆነችና አያቴ ትንሽ ሸወረር አለች። በመጨረሻ ከተገለበጠው ላይ የላይኛውን ሽፋሽፍት ብቻ ወሰድኩ፣ ብሌኑን ከራሱ ከተረፈው ክፍል በክሎን ሞላሁት። ኦፓሲቲውን (የብሩሹን ድምቀት) ዝቅ አድርጌ፣ በሰፊው ዙም አድርጌ፣ ትንፋሼን ይዤ። ፍጹም አይደለም። ግን እሷ ናት።

አንድ ሌላ ችግር፣ ለጀማሪ ሁሉ የሚደርስ። ከአንድ ቦታ ደጋግማችሁ ከቀዳችሁ መንታ ይበዛል። መጋረጃው ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ ነጥብ ነበረች፣ ሳላስተውል አብሬ እየቀዳሁ አምስት ቦታ ተክያታለሁ፣ ከርቀት ስትታይ ዶቃ ትመስላለች። ይህ ነገር ትልልቆቹንም ያጋልጣል። በፈረንጆቹ ሐምሌ 2008 ከኢራን የወጣው የሚሳይል ፎቶ ትዝ ይላችሁ እንደሆነ አላውቅም፣ አራት ሚሳይሎች አንድ ላይ ሲወነጨፉ ያሳይ ነበር። የፈረንሳዩ የዜና ወኪል ኤኤፍፒ አሰራጨው፣ የዓለም ጋዜጦች የፊት ገጻቸው ላይ አወጡት። ከዚያ ሰዎች ጭሱንና አቧራውን ሲያዩ አንዱ ከሌሎቹ የተቀዳ ሆኖ ተገኘ፣ ፎቶውም ከስርጭት እንዲወጣ ተደረገ። እኔም ከዚያ በኋላ በየሦስት በየአራት ክሊኩ ምንጭ እየቀየርኩ ሠራሁ።

ሂሊንግ ብዙ ከተሠራበት ደግሞ የፎቶው አሸዋ ይጠፋል። አሮጌ ፎቶ ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ደቃቅ እህል የተበተነበት ይመስላል፣ በለስላሳ ብሩሽ ስትነካኩት ያ ቦታ ብቻ ፕላስቲክ ይሆናል። መጨረሻ ላይ በጣም ትንሽ ኖይዝ ጨምሬበት ተስተካከለ። የፎቶ ቤቱ ልጅ የሠራው "ጥርት ያለ" ፊት የሚባለው ለካ ይህ ፕላስቲክ ነው።

ስለ ዋጋና ስለ ሌሎቹ። ፎቶሾፕ ዛሬ የሚሸጠው በወርሃዊ ክፍያ ነው፣ ለብቻው በወር ከ20 ዶላር በላይ ነው፣ ከአገር ቤት ለመክፈል ደግሞ ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል። ክራኩን ስለሚጭነው ሰው ምንም አልልም፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ለአንድ የአያት ፎቶ ብቻ ብላችሁ ግን አትድከሙ። ጊምፕ በነፃ ነው፣ ሂል የሚባለው ዕቃ ከ2007 ጀምሮ ከ2.4 ጋር አለው፣ ክሎኑም አለ። በአልት ፋንታ ኮንትሮል ተጭናችሁ ነው ምንጩን የምትመርጡት። ለመልመድ አንድ ቀን ያናድዳችኋል፣ እጄ አልት አልት እያለ መስኮቱን ሲያንቀሳቅስብኝ ነበር። የጠላሁት አንድ ነገር፣ ፎቶሾፕ ላይ ባዶ ሌየር (ከፎቶው በላይ እንደ መስታወት የሚነጠፍ ንብርብር) ከፍቼ ጥገናውን ሁሉ እዚያ ላይ እሠራ ነበር፣ ዋናው ፎቶ ሳይነካ። የጊምፕ ሂል ላይ ይህ ስላልሆነልኝ ሌየሩን ኮፒ እያደረግኩ ነው የሠራሁት። ያም ቢሆን የጉንጩን እጥፋት በሁለቱም ሞክሬ ጎን ለጎን ሳያቸው ልዩነቱን መናገር አልቻልኩም። እንደ እኔ ጊምፕ ለዚህ ሥራ በቂ ነው፣ ከበቂም በላይ።

ፎቶፒያም አለ፣ በብራውዘር የሚከፈት፣ ምንም የማይጫን። መልኩም ቁልፎቹም ፎቶሾፕን ናቸው፣ ፋይሉም ከኮምፒውተራችሁ አይወጣም። ማስታወቂያውን ከቻላችሁ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ለምሳ ሰዓት ሥራ ጥሩ ነው።

ስልክ ላይ ስናፕሲድ። የጉግል ነው፣ ነፃ ነው፣ ሂሊንግ የሚል አለው። ምንጭ አያስመርጥም፣ የብሩሹንም መጠን የምትቀይሩት ዙም በማድረግ ነው። ለአቧራና ለትንሽ ነጥብ ይሆናል። እጥፋት ላይ እጄ ወፍራም ሆነብኝ።

በኤአይ አሮጌ ፎቶ እናድሳለን የሚሉ አፖችንም አንዱን ሞከርኩ፣ ስሙን ልተወው። በአሥር ሰከንድ አንዲት በጣም ቆንጆ ሴት ሰጠኝ። ቅንድቧ የተቀነደበ፣ ጥርሷ የበረዶ፣ አንገቷ ላይ በማተቡ ፋንታ ሐብል። ለእቴቴ አሳየኋት። "እቺን ደግሞ ከየት አመጣሃት፣ ልታገባት ነው?" አለችኝ።

ድሮ ፎቶ አንሺዎች ኔጌቲቩ ላይ በቀጭን እርሳስ፣ የታጠበው ፎቶ ላይ ደግሞ በብሩሽና በቀለም ነጥብ ነጥብ እያደረጉ ይጠግኑ ነበር። የአያቴን ፎቶ በማጉያ ሳየው ከአገጯ ሥር በእጅ የተሠሩ የሚመስሉ በጣም ደቃቅ የእርሳስ ነጥቦች አሉ። ያ የ1959 ሰውዬ አገጯን ትንሽ ሊያቀጥንላት ሳይሞክር አልቀረም። እሱን አልነካሁበትም፣ ሙያው ነው።

ፎቶ ቤት የምትወስዱ ከሆነ ግን፣ ጊዜ የሌለው ሰው ይበዛልና፣ ዝም ብላችሁ ሰጥታችሁ አትሂዱ። ስካን በከለርና በ600 እንዲያደርግ ንገሩት። ዋናውን ፋይል በፍላሽ ተቀበሉ። ከሁሉ በፊት አጠገቡ ቁጭ በሉና በጣታችሁ እያሳያችሁ "ይህ ንቅሳት ነው፣ ይህ ማተብ ነው፣ ይህ የልጅነት ጠባሳዋ ነው፣ እነዚህን አትንካ፣ ሌላውን እንዳሻህ" በሉት። አምስት ደቂቃ ነው። እኔ ያንን አምስት ደቂቃ ስላልሰጠሁት ጥፋቱ ግማሽ በግማሽ የእኔ ነው።

ያላለቀ ነገር አንድ አለ። ቀኝ ጉንጯ ላይ አንዲት ጠቆር ያለች ነጥብ አለች። በሦስቱም ቻናል አየኋት፣ አልለይ አለችኝ። እናቴ "ማርያም የሳመቻት ቦታ ናት፣ ሕፃን ሆኜ እነካት ነበር" አለች። እቴቴ ደግሞ "የምን ማርያም፣ ሻጋታ ነው፣ እኔ ነኝ ትልቋ፣ እኔ ነኝ የማውቃት" ብላ ድርቅ አለች። አንድ ማታ ሙሉ ተከራከሩ፣ ቡናው እስኪቀዘቅዝ። ጥገናዬን በየሌየሩ ለይቼ ስለነበር ያቺን ነጥብ የሚያጠፋውን ሌየር ለብቻው አደረግኩት፤ ሲበራ ነጥቧ የለችም፣ ሲጠፋ አለች። ሁለት አሳተምኩ። ሳሎን የተሰቀለው ነጥቧ ያለችበት ነው። እቴቴ ቤት ያለው ላይ የለችም።